ጥላ የሌለበት ፎቶግራፍ

ጥቅምት 12

ለተከበሩት አክስቴ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ፣ ሥራዎ የቀናልዎ ይሁን። ፈጣሪ ከክፉ ሰውም ከብርድም ይጠብቅዎ።

እኔ ከእርስዎ ጋር በአንድ ቤት ያደገችው የአክስትዎ ልጅ፣ የልብስ ሰፊዋ፣ ልጅ ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ ገና ስላልተወለድኩ በመልክ አያውቁኝም። ብዙ ስለማልናገር ቤት ውስጥ ‹ጭምቷ› ይሉኛል። ስልክ ስይዝ ድምፄ ይጠፋል፤ ሰዎች ‹ሃሎ፣ ሃሎ› ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ነው የምጽፈው። ትምህርቴን ስምንተኛ ላይ ስላቆምኩ ስህተቴን ይለፉልኝ።

እናቴ መጻፌን አታውቅም። አሁን በወዲያኛው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው። የማሽኑ ድምፅ እስኪቆም እጽፋለሁ።

በግራ ጉንጯ ላይ፣ ከጆሮዋ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ነገር ወጣባት። መጀመሪያ ምስር ያክል ነበር። ደንበኞቿ ‹ጥርስሽ ነው፣ አስነቅዪው› ይሏት ነበር። ከዚያ ቆሰለ። ሆስፒታል ስንሄድ ካንሰር ነው አሉን። ዶክተሩ ‹በቀዶ ሕክምና ካወጣነው የጉንጭሽ ግማሽና የመንጋጋሽ አጥንት አብሮ ይወጣል› አላት። እናቴ ‹እኔ ክር የምበጥሰው በጥርሴ ነው። መቀሱን አንተ ልትገዛልኝ ነው?› አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ሌላ መንገድ አለ አለን፤ ግን ገና በሙከራ ላይ ነው። በደም ሥሯ በጣም ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሰጧትና ብርሃን ያበሩባታል። መድኃኒቱን የሚቀሰቅሰው ብርሃኑ ነው አለ። ቅንጣቶቹ የተሠሩበትን ላቦራቶሪ ስም ሲጠራ እናቴ ቀና አለች፤ እርስዎ የሚሠሩበት ነውና። ‹የእሷ እጅ የነካው ነገር ሰውነቴ ውስጥ አይገባም› አለች። መንገድ ላይም ማንም ሳይጠይቃት ‹አይገባም› አለች።

አክስቴ፣ ይህ ነገር ያድናል? ለበሽተኛው የሚሰጠው ወረቀት በውጭ ቋንቋ ስለሆነ ቅጂውን አያይዣለሁ። እባክዎ ምን እንደሚል ይጻፉልኝ።

ማሽኑ ቆመ።

ጭምቷ

ኅዳር 3

ለጭምቷ፣

ሰላምሽ እንደ ዕድሜሽ ብዙ ይሁን። ካንቺ ቤት ደብዳቤ ይመጣልኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ካፖርቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት።

በቀላሉ ላስረዳሽ፤ ከከበደሽ ደጋግመሽ አንብቢው። አንዲት የራስ ፀጉር በቁመቷ ለሺህ ብትሰነጥቂ፣ አንዷ ስንጣቂ ከእኛ ቅንጣት ጋር ትቀራረባለች። ቅንጣቱ በደም ይዞራል። የእጢው የደም ሥሮች እንደ ወንፊት ናቸው፤ በዚያ ሾልኮ እጢው ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ዓይነት ብርሃን ሲያርፍበት ይበራል፤ ሐኪሙ እጢው ከየት እስከ የት እንደሆነ ያያል። ቀይ ሌዘር ሲያርፍበት ደግሞ ይነቃና አጠገቡ ያለውን ሴል ይገድላል። ብርሃን ካላገኘ እንደተኛ ይቀራል። አይጦቻችን ላይ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያክማትን ሰው እምቢ ካለች ሞኝ ናት፤ እንዲህ ማለቴን ንገሪያት።

አንድ ችግር አለው። ከቅንጣቱ ጥቂቱ ቆዳዋም ውስጥ ይቀራል። ፀሐይ ካገኘው እዚያም ይነቃል፤ ደህናውን ቆዳ ያቃጥላል።

የላክሽው ወረቀት ረጅም ነው። ሁሉንም ብተረጉመው ይምታታባችኋል። ለእናንተ የሚያስፈልገውን ብቻ አውጥቼልሻለሁ፦ ከመርፌው በኋላ ስድስት ሳምንት ጨለማ። ብርሃን የሚባል ነገር የለም። ሌላው አያስፈልጋችሁም። ነርሷም ጎረቤትም የሚላችሁን ትታችሁ እኔ የጻፍኩትን ያዙ። እናትሽን አውቃታለሁ፤ ‹ትንሽ› ካልሻት ‹ብዙ› ብላ ነው የምትሰማው።

የቁስሉን ፎቶ ላኪልኝ። መጠኑ እንዲታወቅ የስፌት ሜትሩን ከጎኑ አድርጊ።

እናትሽ ስለ እኔ ምን ትላለች? ሰላምታ አልላከችም?

አክስትሽ

ኅዳር 25

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንደምን ከረሙ? ደጅዎ ሰላም ይደርበት፤ የእጅዎም ሥራ ይባረክ።

እናቴ እሺ ብላለች። እሺ ያሰኛት የእርስዎ ደብዳቤም የእኔ ልመናም አይደለም። አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ዩኒፎርም ልታስለካ አመጣች። እናቴ ሜትሩን በትከሻው ልታሳልፍ ስትጎነበስ ልጁ ፊቷን አይቶ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ገባ። ‹ትሸታለች› አለ። ሴትየዋ ደንግጣ በጥፊ አለችው። እናቴ ‹ተይው፣ እውነቱን ነው› አለችና ሜትሩን ጠቅልላ አስቀመጠች። ማታ ‹ነገ ሆስፒታል እንሄዳለን› አለችኝ።

ፎቶው ውስጡ አለ። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስለ ሰላምታው ጠይቀውኛል። አልላከችም። የምትለውን የጠየቁኝ እርስዎ ስለሆኑ እጽፋለሁ፤ አይቀየሙኝ። ልጅ ሳላችሁ በየዕቃው ላይ ወረቀት እየለጠፉ ‹እንዲህ ክፈቱ፣ እንዲህ ዝጉ› ይሉ ነበር አሉ። ‹እኔ ልብስ ሰፊ ሆኜ ካውያው ላይ የካውያ አያያዝ ለጥፋልኝ ሄደች› ትላለች። አያታችሁ ልትሞት ስታጣጥር ከዚያ ሆነው በስልክ ‹እንዲህ አገላብጫት፣ እንዲህ አጉርሻት› ብለው አዘዙ እንጂ አልመጡም ትላለች። ‹እሷ ለሰው ዳቦ ቆርሳ አትሰጥም፤ አኝካ ነው የምታጎርሰው› ትላለች።

እኔ ግን ስለተረጎሙልኝ አመሰግናለሁ።

ጭምቷ

ታኅሣሥ 14

ለጭምቷ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ እናትሽንም ፈጣሪ ይማራት።

ካውያውን በተመለከተ፣ ወረቀቱን የለጠፍኩት የደንበኛ ሱሪ ካቃጠለች በኋላ ነው። ይህንንም ትናገር። አያታችንን በተመለከተ አልጽፍም።

ፎቶውን ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው። እስከ ዛሬ አይጥ ነው ያየነው። መድኃኒታችን የሚገባበትን የሰው ፊት ሳሳያቸው፣ ያውም ‹የሥጋ ዘመዴ ናት› ስላቸው፣ ሁሉም ወንበራቸውን አስጠግተው አዩት። በትልቅ ስብሰባ ላይ እንድናገር ተመርጫለሁ። ስለዚህ ከሕክምናው በኋላ የተነሳ ፎቶ ያስፈልገኛል።

ስድስቱ ሳምንት እንዳለቀ አስነሺያት። ቤት ውስጥ በአምፖል የተነሳ አይረባም፤ የቆዳዋ ቀለም ይበላሻል። ውጭ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፊቷ ላይ ጥላ ሳያርፍ ይሁን። እጆቿም ይታዩ፤ ልብስ ሰፊ መሆኗ እንዲታወቅ ጭኗ ላይ ጨርቅና መርፌ ትያዝ። ፎቶ አንሺው አይቸኩል።

አሁንስ ምንም አላለችም?

አክስትሽ

ጥር 6

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምና ጤና ካሉበት አይራቅ። ይህን የምጽፈው ግቢ ውስጥ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው፤ ቤት ውስጥ አይታይም።

መርፌውን ሰጥተዋታል፤ ብርሃኑንም አብርተውባታል። ከመስታወቱ ውጭ ቆሜ ነበር። መጀመሪያ ክፍሉን አጨለሙና የሚያሳየውን ብርሃን አበሩ። ጉንጯ በስክሪኑ ላይ በራ። ውጭውን የምናየው ቁስል ትንሽ ነበር፤ የበራው ግን እስከ አንገቷ ሥር ድረስ ነው። ጠርዙ ጨርቅ ላይ በጠመኔ የተሰመረ ይመስላል። እናቴ አሳዩኝ አለችና አይታ ‹ንጹሕ ልክ ነው። በዚህ መስመር ቁረጡት› አለቻቸው። ዶክተሩ ‹አንቺ ረዳቴ መሆን ነበረብሽ› አላት። ‹ደሞዙ ያንስብኛል› አለች። ሌዘሩ ሲበራ ግን የአልጋውን ብረት ጨብጣ ነበር።

ስንወጣ ነርሷ ‹ከፀሐይ ጠብቋት፤ ደግሞ ቤቱን መቃብር አታድርጉት፣ እሺ?› አለችኝ። ሌላም ልትለኝ ስትል ሰው ጠራት። ልጠይቃት ፈልጌ አፈርኩ። የእርስዎ ደብዳቤም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ‹ነርሷ የምትላችሁን ተዉ› ብለዋል። እሺ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

መስኮቱን በጥቁር የኮት ገበር ደርቤ ሰፋሁት። የበሩን ሥር በጨርቅ ደፈንኩ፤ የቁልፉን ቀዳዳ በጥጥ። የተጻፈውን ሁሉ አድርጌያለሁ። እናቴ በጨለማ በእጇ እየዳበሰች ቁልፍ ትተክላለች። ‹አሁን ገና ሰፊ ሆንኩ› ትላለች። አንዱንም አላዛነፈችም፤ ውጭ አውጥቼ በሜትር ለክቼዋለሁ።

ትናንት ሻማ ጠየቀችኝ። ‹ፊትሽን ልየው፤ ከዚያ አጠፋዋለሁ› አለች። ‹አክስቴ የለም ብለዋል› አልኳት። ‹እሷ ካለችማ አለቀ!› ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አክስቴ፣ አንድ ሻማ ይቻላል? ለትንሽ ጊዜ ብቻ። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ጭምቷ

ጥር 24

ለጭምቷ፣

ሰላምሽ ይብዛ።

ዛሬ ሻማ፣ ነገ መስኮት። አይሆንም። ስድስት ሳምንት ጨለማ አልኩ፤ ሰው በጨለማ አይሞትም።

ሥራ ስለበዛብኝ አጭር ነው። ስለ ፎቶው የነገርኩሽን አትርሺ፦ ውጭ፣ እኩለ ቀን፣ ጥላ የሌለበት፣ እጆቿ እየታዩ።

ፊትሽን ማየት መፈለጓ ደስ ብሎኛል። እኔን የሚያህል ሰው መኖሩን አስታውሳ ታውቃለች ወይ ብለሽ ጠይቂያት። ወይም ተይው፣ አትጠይቂያት።

አክስትሽ

የካቲት 8

ለውድ አክስቴ፣

ደስታ ካለንበት እስካሉበት ይድረስዎ! እጅዎን ፈጣሪ ይባርከው፤ ሺህ ዓመት ይኑሩ!

ድናለች። ዛሬ ጠዋት ገበሩን ከመስኮቱ ተረተርኩ። ስንት ቀን ሙሉ በእጄ ብቻ የማውቀውን ጉንጭ አየሁት። ቁስሉ ገጥሟል። እዚያው ላይ እንደ አዲስ ጨርቅ ለስላሳ፣ ሮዝ የሆነ ቆዳ አለ። እናቴም እኔን አየችኝ። ‹ከስተሻል፤ በጨለማ ድምፅሽን ብቻ ስሰማ የወፈርሽ መስሎኝ ነበር› አለችኝ።

የሠፈራችን ፎቶ አንሺ ካሜራውን ይዞ መጣ። የእርስዎን ደብዳቤ አነበብኩለት። ወንበሩን ግቢው መሐል አኖረ። እናቴ ሰማያዊ ጨርቅና መርፌ ይዛ ተቀመጠች። አንዴ የጣራው፣ አንዴ የልብስ ማስጫው ገመድ ጥላ ፊቷ ላይ ሲያርፍ ፎቶ አንሺው ‹ሴትዮዋ ጥላ አትፈልግም ተብሏል!› እያለ ወንበሩን ያዞራል። እናቴ ‹እንደ ዶሮ ጠበስከኝ እኮ› ትለዋለች። ‹ለውጭ ሀገር ነው የምትላኪው፣ በደንብ መብሰል አለብሽ› ይላታል። ስትስቅ ነው ያነሳት። ከዚያ በኋላም አልነሳም አለች፤ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደ ላይ አንጋጣ ‹ተዉኝ፣ ትንሽ ልሙቅ› አለች። ‹ቆዳዬን መርፌ መርፌ አለኝ› ስትል ፎቶ አንሺው ‹ጨለማ የለመደ ቆዳ ነው፣ ይለምዳል› አላት።

ፎቶውን ወዲያው አትሞ አመጣልኝ። አሁን ፊቷ ቀላ ብሏል፤ እጆቿንም እያሻሸች ውሃ አምጪልኝ ትለኛለች። ፖስታ ቤቱ ሳይዘጋ ልሩጥ።

ጭምቷ

የካቲት 26

ለተባረከችው ጭምቷ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ ዕድሜሽ ይርዘም!

ፎቶው ስብሰባው ሊጀመር ሲል ደረሰ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ አሳየሁ። ሰዎቹ ተነስተው አጨበጨቡ። እኔ ያየሁት ግን ሳቋን ነው። ያ ሳቅ አልተለወጠም፤ አያታችን ካውያውን ወርውራ ስትስታት የሳቀችው ሳቅ ነው።

አንድ ፎቶ ይጨመርልኝ፤ አንገቷን ወደ ቀኝ አዙራ፣ እዚያው ፀሐይ ላይ።

አሁን መቼም ሰላምታ ትልክልኛለች።

አክስትሽ

መጋቢት 15

ለተከበሩት አክስቴ፣

ፈጣሪ ጤና ይስጥዎ።

ሰዎቹ ማጨብጨባቸውን አነበብኩ። ሆስፒታል ስለነበርን ነው ያልጻፍኩት።

የዚያን ዕለት ከፖስታ ቤት ስመለስ ፊቷ አብጦ ዓይኗ ተከድኖ ነበር። ሁለቱ እጆቿ እስከ ክንዷ ውሃ ቋጥረዋል። ቀሚሷ የሸፈነው ቦታ ምንም አልሆነም፤ መስመሩ ልክ በእጅጌዋ ጠርዝ ላይ ነው። ሌሊቱን እጇን በውሃ ገንዳ ውስጥ ነክራ ቆየች። ለዶክተሩ ‹ትንሽ ሞቄ ነው› አለችው።

ዶክተሩ ‹ስድስቱን ሳምንት እንዴት ነው የቆያችሁት?› አለኝ። በድፍን ጨለማ አልኩት። የቁልፉን ቀዳዳ በጥጥ መድፈኔን ስነግረው ወረቀቱን አምጪ አለኝ። በጣቱ እያሳየ አነበበልኝ። እርስዎ ካወጡልን መስመር ቀጥሎ ያለው እንዲህ ይላል፦ በድፍን ጨለማ አትቀመጡ፤ የቤት አምፖል ጥሩ ነው፤ ቆዳ ውስጥ የቀረውን ቅንጣት ቀስ በቀስ የሚጨርሰው እሱ ነው። ከእሱ በታች ደግሞ፦ ከመውጣታችሁ በፊት እጃችሁ ላይ ሳንቲም የምታህል ቦታ ብቻ ለፀሐይ አሳዩና እስከ ማግስቱ ጠብቁ። ቀላ ካለ አትውጡ።

በጨለማው ውስጥ ቅንጣቱ ምንም አላለቀም። መርፌውን ትናንት እንደተወጋች ነበር ወንበሩ ላይ ያስቀመጥናት።

ፊቷ ይሽራል ብለዋል። የእጆቿ ቆዳ ግን ሲድን ተኮማትሮ ጣቶቿን አጥፏቸዋል። መርፌ ሰጠኋት፤ ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋት። ‹በቃ፣ ተይው› አለችኝ።

አክስቴ፣ እነዚያን ሁለት መስመሮች አይተዋቸው ነበር?

ጭምቷ

ሚያዝያ 4

ለጭምቷ፣

ሰላም ላንቺ፣ ምሕረት ለእናትሽ።

አይቻቸዋለሁ። አምፖል ይቻላል ብዬ ብጽፍ መስኮት ትከፍታላችሁ ብዬ ነው። የሳንቲሙን ነገር ደግሞ አትረዱትም ብዬ ተውኩት። ለእናንተ አስቤ ነው። የቁልፍ ቀዳዳ በጥጥ ድፈኚ ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ አይደለሁም። መርፌ መርፌ ሲላትስ ለምን አላነሳችኋትም? ዓይን የላችሁም?

ወረቀቱን ማን እንደተረጎመው ለዶክተሩ አትንገሪው። እዚህ ትልቅ ነገር ያመጣብኛል።

ይህንን ጽፌ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ነው የጨረስኩት። ጭምቷ፣ እናትሽ ምን አለች? አንድ ቃል ላኪልኝ። ስድብም ቢሆን።

አክስትሽ

ግንቦት 2

ጭምቷ፣ አልመለስሽልኝም። ፎቶዋን ከቢሮዬ ግድግዳ አውርጃለሁ። ሰላምታ አይሁን፣ ምን እንዳለች ብቻ ጻፊልኝ። የፈለገውን ያህል ይርዘም።

ግንቦት 20

ለተከበሩት አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል።

እናቴ ለእርስዎ ደብዳቤ አስጽፋኛለች። እጇ ስለማይዝ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከማሽኑ አጠገብ ነው የተቀመጥነው፤ ማሽኑን በዚያ በጥቁሩ ገበር ሸፍነነዋል። ከምሳ በኋላ ጀምራ ብርሃን እስኪደክም ተናገረች። እሷን ይህን ያህል ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። በልጅነት ስምዎ ነው የጀመረችው። ካውያውም፣ አያታችሁም አሉበት። ሁለት ቦታ ላይ ሳቀች። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ‹ይሄንን በደንብ አድርገሽ ጻፊላት› አለችኝ። በደንብ አድርጌ ጻፍኩት።

ስትጨርስ ‹ነገውኑ ላኪላት፣ ትጠብቃለች› አለችኝ። እሺ አልኳት።

ደብዳቤው ረጅም ነው። ሁሉንም ብልክልዎ ይምታታብዎታል። ለእርስዎ የሚያስፈልገውን ብቻ አውጥቼልዎታለሁ፦ ካንሰሩ አልተመለሰም።

ሌላው አያስፈልግዎትም።

ጭምቷ